ዘፈኑን የሠራውስ ማነው?

ማርች 2020 ላይ (የውድድሩን ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቴሌግራም የከፈተ ሰው ሁሉ አንድ ቪዲዮ ይደርሰው ነበር። ኤደን አለነ የምትባል ልጅ እስራኤልን ወክላ፣ አገሮች በየዓመቱ ዘፈን በሚያወዳድሩበት በዩሮቪዥን ላይ ልትዘፍን ነው። ቤተሰቦቿ ከኢትዮጵያ የሄዱ ናቸው፤ እሷ ኢየሩሳሌም ነው የተወለደችው። የምትዘፍነው ደግሞ «ፍቅር ልቤ» ይባላል። አማርኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ዓረብኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት ዘፈን ነው። አማርኛ በዚያ መድረክ ላይ ሲሰማ የመጀመሪያው ሊሆን ነበር። ደሴ ውስጥ «የኛ ልጅ!» ያላለ ሰው አላጋጠመኝም። እኔም ብያለሁ። ከልቤ ደስ ብሎኝ ነው ያልኩት፣ ዛሬም ደስ ይለኛል።

እኔ ግጥም እጽፋለሁ። ለሠርግ ዘፋኞች፣ አንዳንዴም ነጠላ ዜማ ለሚያወጡ የአካባቢያችን ልጆች። ቀን ኮምቦልቻ ቢሮ እውላለሁ፣ ማታ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ እገባለሁ። ለዘፈን ያለኝ ጆሮ ትንሽ ለየት ስለሚል ነው መሰለኝ ያንን ቪዲዮ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳሳይ ሰነበትኩ።

አንድ ቀን ሸዋ በር አካባቢ ቡና ከምንጠጣበት ቤት አንድ የማሲንቆ ሰው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከሠርግ ሠርግ ሲዞሩ የኖሩ ናቸው። ደሴም ኮምቦልቻም ሐይቅም የሚያውቃቸው ብዙ ነው። ማሲንቋቸው በጨርቅ ተጠቅልላ አጠገባቸው ግድግዳውን ተደግፋለች። ስልኬን ሰጠኋቸው። ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ሰሙ እንጂ ምስሉን ብዙም አላዩትም። የግራ እጃቸው ጣቶች ጉልበታቸው ላይ ቀስ እያሉ ይንቀሳቀሱ ነበር፣ ዜማውን ክሩ ላይ እየፈለጉ ይመስለኛል። ሲያልቅ «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት።

የጠበቅኩት ሌላ ነበር። «ድምጿ እንዴት ያምራል» ይሉኛል ብዬ ነበር። ወይ ደግሞ እንደ ሰው ሁሉ «የማን ልጅ ናት? አገሯ የት ነው?» ብለው ዘር ማንዘሯን ይጠይቁኛል ብዬ።

«ዜማው የማነው?» አሉኝ።

አላወቅኩም። ያን ያህል ጊዜ ሰምቼው፣ ለዚያን ያህል ሰው አሳይቼው፣ ጥያቄው ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ስልኬ ላይ ፈልጌ አገኘሁት። ዶሮን መዳሊ እና ኢዳን ራይኸል የሚባሉ ሰዎች ናቸው። መዳሊ በ2018 እስራኤል ያሸነፈችበትን ዘፈን ከደረሱት አንዱ ነው። ራይኸል ደግሞ ገና ወጣት ሳለ ስደተኛ ልጆች በሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ይሠራ ነበር። የኢትዮጵያን ሙዚቃ ያወቀው እዚያ፣ ከእኛ ልጆች ነው። በኋላ አማርኛ ያለባቸውን ዘፈኖች የእስራኤል ሬዲዮ ላይ ያስገባ ሰው ነው። ይህንን ሁሉ አነበብኩላቸው።

«ስማቸው ተጽፏል?»

«አዎ አባባ፣ እዚሁ ከዘፈኑ ጋር ተጽፏል።»

«ደግ ነው» አሉና ስኒያቸውን አስቀመጡ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ያቺ ሙሽራ ከእናቷ ቤት ስትወጣ የምመታት አለች አይደል?» አሉኝ።

እንዴት አላውቃትም! የእህቴ ሠርግ ላይ እናቴን ያስለቀሰች ዜማ ናት። ደሴ ውስጥ ያለ ማሲንቆ ተጫዋች ሁሉ ይመታታል፣ ኪቦርድ የሚጫወቱት ልጆች ሳይቀሩ ይጫወቷታል። ሁላችንም የምናውቃት እንደ ጦሳ ተራራ ከጥንት ጀምሮ የነበረች አድርገን ነው።

«እሷ የኔ ናት» አሉ።

ክው አልኩ። «እንዴ አባባ! ለምን ተናግረው አያውቁም?»

«ማን ጠየቀኝ ልጄ?»

## የዘፈን ውድድር እንጂ የዘፋኝ አይደለም

ያቺ «ማን ጠየቀኝ» እንቅልፍ ነሳችኝ ብል ማጋነን አይሆንም። ስለ ዩሮቪዥን ማንበብ የጀመርኩትም በእሷ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት የማውቀው መብራቱን፣ ጭሱንና የልብሱን ነገር ብቻ ነበር።

ሳነብ የገባኝ ነገር ይህ ነው። እኛ «የዘፈን ውድድር» ስንል በልባችን ያለው የዘፋኝ ውድድር ነው። ባላገሩ አይድልን አስቡት፣ ፋና ላምሮትን አስቡት። እኔ ሁለቱንም እወዳለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ቤተሰብ የሚሰበሰብባቸው ናቸው። ግን ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘፍኑት የሌላ ሰው ዘፈን ነው። ዳኛው ድምፅ ይመዝናል፣ ቅኝት ይመዝናል፣ መድረክ አያያዝ ይመዝናል። አዲስ ዘፈን ይዞ የመጣ ሰው የለም፣ ምክንያቱም የተጠየቀው እሱን አይደለም።

እዚያ ግን የሚላከው ዘፈን ነው። በ1956 ሉጋኖ፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ 7 አገሮች ሁለት ሁለት ዘፈን ይዘው ሲጀምሩም እንደዚያ ነበር። ዘፈኑ አዲስ መሆን አለበት፤ ውድድሩ ከሚካሄድበት ዓመት በፊት ካለው ሴፕቴምበር 1 ቀደም ብሎ ከወጣ አይገባም። ከ3 ደቂቃ አይበልጥም። መድረክ ላይ ከ6 ሰው በላይ አይወጣም። ዘፋኙ ከየትም ይምጣ ግድ የላቸውም፤ የሌላ አገር ዜጋ ቢሆንም ይቻላል። ዘፈኑ ሊጀምር ሲል ደግሞ የቴሌቪዥኑ ስክሪን ላይ የዘፋኙ ስም ይመጣል፣ ከሱ ጋር የግጥሙና የዜማው ደራሲዎች ስም ይመጣል። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው እያየ።

ይህ ደንብ ምን ያህል የምር እንደሆነ ያየሁት በራሷ በኤደን ላይ በደረሰው ነው። ዘፈኑ ከተመረጠ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው፣ ማርች 18፣ በኮሮና ምክንያት የዚያ ዓመት ውድድር ተሰረዘ። ብዙ አገሮች በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ዘፋኝ መለሱ፤ እስራኤልም ኤደንን መለሰች። ዘፈኑን ግን መመለስ አይቻልም ተባለ። አርጅቷል። አዲስ ይምጣ። እናም በሜይ 2021 ሮተርዳም ላይ የዘፈነችው አብዛኛው እንግሊዝኛ የሆነ ሌላ ዘፈን ነው። በጣም ከፍ ያለ፣ እንደ ፉጨት የቀጠነ ድምፅ አውጥታ አዳራሹን አስጮኸችው፤ 93 ነጥብ አግኝታ 17ኛ ወጣች። ዘፋኟ ደረሰች፣ «ፍቅር ልቤ» ግን መንገድ ላይ ቀረ።

በጣም ነው ያዘንኩት። ለእሷ አይደለም፣ እሷማ መድረኩን አገኘችው። ያዘንኩት ለዘፈኑ ነው። ለዘፈን እንደ ሰው ሳዝን ያ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ከሁሉም ልቤን የነካው ግን የፖርቱጋል ነው። በ2017 ኪየቭ ላይ ሳልቫዶር ሶብራል የሚባል ልጅ አንድ ለስለስ ያለ ዘፈን በገዛ ቋንቋው ዘፈነ። ጭፈራ የለ፣ ርችት የለ። 758 ነጥብ አግኝቶ አሸነፈ። ዘፈኑን የጻፈችው እህቱ ሉዊሳ ናት። አሸናፊው በመጨረሻ ዘፈኑን ደግሞ ይዘፍናል፣ ወጉ እንደዚያ ነው። ሳልቫዶር ታዲያ ሊደግም ሲወጣ ብቻውን አልወጣም፤ እህቱን ጠራትና አንዱን ስንኝ እሱ፣ አንዱን እሷ እየተቀባበሉ ዘፈኑት። ያንን ቪዲዮ ፈልጋችሁ እዩት። ደራሲዋ መድረክ ላይ ናት። ዓለም ፊቷን እያየ ነው።

## ተቀበል!

አሁን ወደ ወሎ ልመልሳችሁ።

ስለ ወሎና ስለ ሙዚቃ ብዙ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ የቦታችን ስም ናቸው። ከኮምቦልቻ በምሥራቅ ብትወርዱ ባቲ ትገባላችሁ፣ ከደሴ ሐይቅን አልፋችሁ ወደ ውጫሌ ብትወጡ አምባሰል ላይ ናችሁ። አምባሰል ሲባል ደግሞ ማሪቱ ለገሰ ትዝ የማትለው ወሎዬ የለም። ቦታውን እናውቃለን፣ ዘፋኟን እናውቃለን። በመሃል ያለው ሰው ግን የለም። ያንን ስንኝ መጀመሪያ ያለው ማነው? ያቺን የዜማ ማጠፊያ መጀመሪያ ያመጣትስ? «የሕዝብ ነው» እንልና እናልፋለን።

ሠርግ ቤት ውስጥ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ልንገራችሁ። ማሲንቆ ተጫዋቹ ደጋኑን ዕጣን አሽቶ ይጀምራል። ዳሱ ይሞቃል። አንዱ ይነሳና ብር ግንባሩ ላይ ለጥፎለት «ተቀበል!» ይለዋል። ጆሮው ጋ ጠጋ ብሎ ስንኙን ይሰጠዋል፣ ወይ ጮክ ብሎ ለሁሉም ያሰማል። ተጫዋቹ አንዴ ነው የሚሰማው። አንዴ ብቻ። ወዲያው በዜማው ላይ ያስቀምጠዋል፣ ቃሉ ከረዘመ ያሳጥረዋል፣ ካጠረ «ሆዬ» ጨምሮ ይሞላዋል። ቤቱ በእልልታ ይናወጣል። ስንኙን የሰጠው ሰው ተመልሶ ይቀመጣል። አለቀ። ያ ስንኝ ጥሩ ከሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሠርግ ላይ ይዘፈናል፣ በዓመቱ አገር ያዳርሰዋል። የሰጠው ሰው ግን ዳሱ ውስጥ ቀረ።

በእኔም ደርሷል። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ሠርግ ላይ ተነስቼ እንዲህ አልኩ፦

ሐረጎ ጭጋጉ ምን አድርጌው ነበር፣
ገና ኩርባው ሳይደርስ የጋረደህ ከበር።

ክረምት ላይ በሐረጎ ያለፈ ሰው ይገባዋል። ሰው ሸኝተህ መኪናዋ ኩርባው ጋ እስክትደርስ ላይህ ብትል ጭጋጉ አይፈቅድልህም። ያልኩት የምር የሸኘሁት ሰው ስለነበረ ነው። ተጫዋቹ ተቀበለኝ፣ ሰዉም ወደደው፣ ተቀመጥኩ።

ከዚያ አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ፣ በሚኒባስ፣ እዚያው ሐረጎ ዳገቱ ላይ፣ ሾፌሩ ከከፈተው ዘፈን ውስጥ ስንኜ ወጣች። ዘፋኙ ወንድ ስለሆነ «የጋረደህ» የሚለውን «የጋረደሽ» አድርጎታል እንጂ ሌላው እንዳለ ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ አብራ ትዘፍናለች። በቃሏ ነው የያዘችው። ቤት ገብቼ ዩቲዩብ ላይ ፈለግሁት። ከሥሩ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ይላል።

አልተናደድኩም ብላችሁ ውሸት ነው። ግን ንዴት ብቻ አልነበረም። ልጅቷ አብራ ስትዘፍን ደረቴ ውስጥ የሞላው ነገር ደስታ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። የሕዝብ ተባለች ማለት ሕዝብ ወደዳት ማለት አይደል? ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? እያልኩ ራሴን ሳባብል ከረምኩ። አንዳንዴ እሺ ይለኝ ነበር፣ አንዳንዴ ደግሞ ሌሊት ነቅቼ «ሕዝብ ማለት ታዲያ ማነው? እኔ አይደለሁም?» እላለሁ።

የማሲንቆው ሰው «ማን ጠየቀኝ» ሲሉኝ ነው ነገሩ የለየልኝ። እሳቸው ያችን ዜማ ለሕዝብ ሰጥተዋታል፣ በሙሉ ልባቸው። አንድም ቀን ገንዘብ አምጡ አላሉም። ደስ ብሏቸው ነው የሰጡት። የጎደለው ስጦታው አይደለም። የጎደለው ተቀባዩ ሰጪውን ቀና ብሎ አለማየቱ ነው። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ይባላል፤ የሽማግሌ ጨዋነት ሆኖ ሳይጠሩ አቤት አላሉም። የመጥራቱ ሥራ የኛ ነበር።

ሕጉ እንኳ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ለግጥሙም ለዜማውም ደራሲ መብት ይሰጣል፣ ስሜ ይጠቀስልኝ የማለትን መብት ጭምር። ግን አዋጅ ዳስ ውስጥ አይገባም። ዳስ ውስጥ የሚገባው ልማድ ነው።

## ምሳ ላይ የተነሳው ክርክር

ቢሮ ውስጥ ይህንን ሁሉ ሳወራ የሰለቻቸው ጓደኞቼ አንድ ቀን ምሳ ላይ ጥያቄውን ገለበጡብኝ። «እሺ፣ ኢትዮጵያ ብትወዳደር ምን እንልካለን?»

መቼም አንገባም። ያ ውድድር የአውሮፓ ብሮድካስት ኅብረት ነው፣ የኛ አገር ደግሞ የአውሮፓ የብሮድካስት ክልል የሚባለው ውስጥ አይደለችም። ሰሜን አፍሪካዎቹ ግን ክልሉ ውስጥ ናቸው። ቢሆንም ክርክሩ ጥሩ ነበር፣ ሽሮው እስኪቀዘቅዝ ተከራከርን።

ልብ ያልኩት ነገር አለ። የተጠራው ሁሉ የዘፋኝ ስም ነው። አንዱ እከሌ ይሂድ ይላል፣ ሌላዋ እከሊት ካልሄደች ትላለች። ድምፅ ተወዳደረ፣ ቁመና ተወዳደረ፣ እንግሊዝኛ ማን ይችላል ተባለ። አንድም ሰው የዘፈን ስም አልጠራም። «አዲስ ዘፈን ነው የሚላከው፤ ማን ይጻፈው?» ስላቸው ጠረጴዛው ዝም አለ። ማንም መጥራት አልቻለም። በየቀኑ የምንዘፍናቸውን ግጥሞች የጻፉ ሰዎችን ስም ጥሩ ብላቸውም ሁለት ሦስት ታዋቂ ስም ብለው ቆሙ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

አንዱ ባልደረባችን «በእንግሊዝኛ ይሁን፣ ቢቱም ፈጠን ይበል፣ ካልሆነ ማን ይሰማናል» አለ። እዚህ ላይ አልስማማም፣ ያኔም አልተስማማሁም። የውድድሩ ታሪክ ራሱ ይህን አይልም። ሰርቢያ በ2007 በሰርብኛ አሸንፋለች፣ ጣሊያን በ2021 በጣሊያንኛ፣ ዩክሬን በ2022 በዩክሬንኛ። የሰዉ ጆሮ እኛ ከምንገምተው በላይ ሰፊ ነው። የ3 ደቂቃው ነገር ግን አሳስቦኛል። አምባሰል እኮ ጊዜ ይፈልጋል። መጀመሪያ ማሲንቆው ብቻውን ይሄዳል፣ ሰዉን ያዘጋጃል፣ ከዚያ ነው ድምፅ የሚገባው። ይህን ለማሲንቆው ሰው ሳነሳባቸው ብዙም አላስጨነቃቸውም። «አምባሰል ሁለት መስመር ናት፤ የቀረው መንገድ ነው። መንገዱን ማሳጠር ይቻላል፣ ሁለቱ መስመር ካለ» አሉኝ። ሁለቱን መስመር የሚጽፈው ሰው ካለ ማለታቸው ነው።

ስለ «የኛ ልጅ»ም ልበል። በ2019 ክረምት ሃይፋ አጠገብ አንድ ኢትዮጵያዊ እስራኤላዊ ወጣት ሥራ ላይ ባልነበረ ፖሊስ ተተኩሶበት ሞቶ ነበር። ወገኖቹ መንገድ ዘግተው ጮኹ። ዓመት ሳይሞላ ያቺው አገር ከነሱ መሃል አንዲት ልጅ መርጣ «ይህች እኔ ነኝ» ብላ ወደ ዓለም ልትልክ ተነሳች። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ አንዱ ሌላውን አይሽረውም። አገር ዘፈን ሲልክ መታየት የሚፈልገውን መልኩን ነው የሚልከው። እኛ ደግሞ በሩቁ ሆነን ድምጿን የኛ አልን። ይሁን። ግን የኛ የምንለው ድምፅ አንድ ቀን የኛ ሰው የጻፈውን እንዲዘፍን ከፈለግን የሚጽፈውን ሰው ዛሬ በስሙ ማወቅ አለብን።

## አንዴ ልኮ መቅረት

አንድ የአፍሪካ አገር ብቻ ነው ዩሮቪዥን ላይ የተወዳደረው። ሞሮኮ፣ በ1980፣ ሄግ ላይ። የላከችው ሳሚራ ሰዒድን ነው፤ ያኔ ሳሚራ ቢንሰዒድ ትባል ነበር። በዓረብኛ ዘፈነች። ከ19 አገሮች 18ኛ ወጣች። ያገኘችው 7 ነጥብ ነው፣ ሰባቱንም የሰጠቻት ጣሊያን ብቻዋን ናት። ሞሮኮ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም። ዘፋኟ ግን በኋላ የዓረቡ ዓለም ታላቅ ኮከብ ሆናለች። ድምፁማ ነበራቸው።

ፖርቱጋልን ደግሞ ተመልከቱ። በ1964 መጀመሪያ ስትወዳደር ዜሮ ነጥብ ነው ያገኘችው። ዜሮ! አልፎ አልፎ ብትቀርም ሳትታክት ላከች። ከ2017 በፊት ከ6ኛ በላይ ወጥታ አታውቅም። 53 ዓመት ማለት የሁለት ትውልድ ዕድሜ ነው። በየዓመቱ ዘፈን ለመላክ በየዓመቱ አዲስ ዘፈን መጻፍ አለበት፣ አዲስ ዘፈን ለመጻፍ ጸሐፊ መጠራት አለበት። ሉዊሳ ሶብራል ከባዶ አልመጣችም፤ «ዘንድሮስ ማን ይጽፋል?» ተብሎ ሲጠየቅ ከኖረበት አገር ነው የመጣችው።

እኔ የምቀናው በዚህ ነው። በመድረኩ አይደለም። በየዓመቱ ስለሚጠየቀው ጥያቄ ነው። የኛዎቹ ውድድሮች አንድ ምሽት እንኳ ለአዲስ ዘፈን ቢሰጡ፣ ደራሲው ከዘፋኙ ጎን ቆሞ ስሙ ቢጠራ፣ ምን ያጡ ነበር? ባንዱ አለ፣ ዘፋኙ አለ፣ ተመልካቹ አለ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንጂ ወሎን ብቻ ብታስሱ የዓመት ዘፈን አይጠፋም።

## እስከዚያው

ከዚያ በኋላ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ። ሠርግም ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ነበር። ሲመለስ ግን እኔ ልማዴን ቀይሬ ነው የተመለስኩት።

መጀመሪያ የማሲንቆውን ሰው ዜማ በስልክ ቀዳሁት፣ እቤታቸው ሄጄ። መጀመሪያ ላይ «ለምን ይጠቅምሻል?» ብለው ነበር፣ በኋላ ግን ማሲንቋቸውን ደጋግመው ቃኝተው፣ ጎረቤት የሚጮህ በግ ዝም እስኪል ጠብቀው፣ ሦስት ዓይነት አድርገው መቱልኝ። ስማቸውን፣ አባታቸውን፣ የት ሆነው እንዳወጧት አስነገርኳቸው። ለልጃቸው ሠርግ ነው ያወጧት። አሁን ኪቦርድ የሚጫወቱ ልጆች ያችን ዜማ ሲጀምሩ አንድ ሁለቱ በማይክ «የእከሌ ዜማ ናት» ብለው የሳቸውን ስም ይጠራሉ። አንድ ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ ግን ይጠራሉ።

ሠርግ ላይ ደግሞ ተቀበል ያለ ሰው ጥሩ ስንኝ ከሰጠ ተነስቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ። እጠይቃለሁ፣ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። አንዳንዱ ፖሊስ የመጣበት ይመስል ይደነግጣል። ብዙው ግን ፊቱ ይበራል።

ባለፈው ጥር ኮምቦልቻ ላይ የሙሽራዋ አክስት ተነሱ። ከባቲ የመጡ፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ያሰሩ ሴት ናቸው። እንዲህ አሉ፦

ሰኞ ባቲ ወርደው ጨው ጭነው ሲሄዱ፣
የቤታችንን ጨው ሚዜዎች ወሰዱ።

ዳሱ ሊፈርስ ደረሰ። የሙሽራዋ እናት ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። እኔ ወንበሬን ጎትቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩና «እትዬ፣ ግጥሟ የእርስዎ ናት?» አልኳቸው።

«ሁለተኛዋ የኔ ናት» አሉ ሳያመነቱ። «የመጀመሪያዋ የእናቴ ናት። እናቴ ግን በሌላ ነበር የምትጨርሳት። ከጻፍሽ ሁለታችንንም ጻፊ።»

«እናትዎ በምን ነበር የሚጨርሷት?»

«እሷ ለሠርግ አትሆንም፣ የለቅሶ ናት። ባቲ ነይና ቡና አፍልቼ እነግርሻለሁ» አሉና ተመልሰው ወደ ጭፈራው ገቡ።

የሁለቱንም ስም ጽፌያለሁ፣ የእናትየውን ከላይ። ለፋሲካ እረፍት ባቲ ልወርድ ነው።